ግሪክ አገር ሄጄ የጠረግኩት ምድጃ

ግሪክ አገር ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ አዳማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ባሕሩን አየሽው?» አይቼዋለሁ። ከአውቶቡስ መስኮት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ መጋረጃውን እስኪዘጉት ድረስ። ሰማያዊ ነው። የቀረውን ጊዜ ያሳለፍኩት ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ የምጽፈውም ስለ ጉድጓዱ ነው። ባሕር ፈልጎ ማንበብ የጀመረ ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

የሄድኩት ለሥራ ነው። አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ አስተምራለሁ። ካቻምና ኤሌኒ የምትባል ግሪካዊት የጥንት ቅርስ አጥኚ ዝዋይ አካባቢ ለጥቂት ሳምንት ስትሠራ በእጁ የሚሥል ሰው ፈልጋ እኔን አገኘች። እሌኒ የሚባል ሰው እኛ ሰፈር ብቻ ሦስት ስላለ ስሟን ለመልመድ አልተቸገርኩም። ዘንድሮ ደግሞ፣ «የጥንት ግሪኮች የኖሩበትን ቤት እየቆፈርን ነው፤ መጥተሽ ሣዪልኝ» ብላ ጋበዘችኝ። ቪዛው እንዴት እንደተገኘ አልጽፍም፤ ጤንነቴን እፈልገዋለሁ።

ከመሄዴ በፊት ግን ቤት ውስጥ አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ ነበር። የእናቴ የዘነበች ቤት አባቴ ከወንጂ የስኳር ሥራ በጡረታ ሲወጣ የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ሳሎኑ ሊሾ ነው። ከኋላ ያለው፣ ጥግ ላይ ምድጃ ያለበት የእናቴ ክፍል ሲሚንቶው ስላልደረሰው እስከ ዛሬ አፈር ነው፤ እሷም በየበዓሉ ዋዜማ በእበት ትለቀልቀዋለች። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ይህን ቤት አፍርሶ በቦታው ፎቅ ሊሠራ ፈቃድ አውጥቷል፤ ለነሐሴ አጋማሽ የሚያፈርስ ሎደርም ተከራይቷል። የጎደለው የእናቴ ቃል ብቻ ነበር። እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። «ጽጌ ደርሳ ትመለስና እንነጋገራለን» አለች። ጽጌ እኔ ነኝ። ግርማ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «የተማርሽው ስለ ቤት አይደል? በስልክም ቢሆን አሳምኛት። እምቢ ካለች ፈቃዱ ይቃጠላል፤ ያለ ፈቃዷ ካፈረስኩ ደግሞ እኔ እቃጠላለሁ» አለኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ከበሶውና ከእርሳሶቹ ጋር ይህንንም ይዤ ነው የሄድኩት።

ነሐሴ 1

ከአዳማ በጠዋት ተነሳሁ። ሞጆ አጠገብ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚታጠፉ ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ለግማሽ ሰዓት ቆምን። የሚኒባሱ ረዳት ሻንጣዬን አይቶ፣ «ውጭ ነው እህቴ?» አለኝ። ግሪክ ስለው አዘነልኝ። «ዱባይ ይሻልሽ ነበር» ብሎ መከረኝ፤ መልሴን ሳይሰማ የሌላ ሰው ሂሳብ ተቀበለ።

አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጉምሩኩ በሶዬን አገኘው። ቡናማ ዱቄት፣ በፌስታል፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት። ሰውየው አሸተተና ለጓደኛው ሰጠው፤ ጓደኛውም አሸተተና ሌላ ሰው ጠራ። ምግብ ነው ብዬ ብምል የሚሰማኝ ጠፋ። በመጨረሻ ፌስታሉን ተቀብዬ አንድ እፍኝ ቃምኩ። በሶ ደረቁን ቅሞ ለማውራት የሞከረ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ከአፌ አቧራ እየቦነነ ስስል ሦስቱም ደንግጠው ውሃ አመጡልኝ፤ በሶውንም እኔንም ይቅርታ ጠይቀው አሳለፉን።

ነሐሴ 2

ወደ መንደሩ የሚወስደው አውቶቡስ በሰዓቱ ተነሳ። ይህ ትንሽ ቅር አለኝ፤ እስኪሞላ እጠብቃለሁ ብዬ ዳቦ ልገዛ ወርጄ ነበርና ሮጬ ነው የደረስኩበት። ከዚያ ወዲያ ግን አገሬን አገኘኋት። ሾፌሩ ፊት ለፊት የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፣ መስቀል ይወዛወዛል፣ ዘፈኑ ይጮሃል፣ ሾፌሩም ከኋላው ካለች ሴት ጋር ዞሮ እያወራ ይነዳል። ወለንጪቲ የምሄድ መሰለኝ።

ያረፍኩት ስታማትያ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም፣ እኔ ግሪክኛ አላውቅም። ኤሌኒ ስትኖር ትተረጉምልናለች፣ ሳትኖር በእጅና በፊት እንግባባለን። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ሲያዩ አማተቡ። ፍልሰታ ላይ መሆኔን በኤሌኒ በኩል ስነግራቸው በደስታ አጨበጨቡ፤ ለካ እነሱም እየጾሙ ነው፣ ከእኛ ስድስት ቀን ቀድመው ይዘዋል። «የጾም ምግብ አለኝ!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ሳህን ይዘው ወጡ። ሳህኑ ላይ የተቆራረጠ፣ ክብ ክብ አፍ የተደረደረበት፣ ስምንት እግር የነበረው የባሕር እንስሳ ነበር። ደም ስለሌለው ጾም ነው አሉ። እኔ በወይራና በቲማቲም ዳቦዬን በላሁ። ስምንት እግሩን ዘርግቶ ሲዋኝ የነበረ ነገር ጾም ነው ብዬ አዳማ ብናገር የነፍስ አባቴ ቀኖናውን ከአውሮፕላን ማረፊያው ነበር የሚጀምሩልኝ።

ነሐሴ 3

መቼም ሰው ጥንታዊ ግሪክ ሲባል የሚያስበው ነጭ እብነ በረድ ነው። እኔም ለእብነ በረዱ የሚሆን ለስላሳ እርሳስ ገዝቼ ነበር። ኤሌኒ በሽቦ አጥሩ በኩል አስገብታ ከጉድጓዱ ጫፍ አቆመችኝና ሁለት እጇን ዘርግታ «ይኸውልሽ!» አለች።

አየሁ። የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ የጭቃ ጡብ፣ የአፈር ወለል፣ መሃል ላይ አመዱን የታቀፈ ምድጃ፣ ጥግ ላይ የተሰባበረ እንስራ። ይህን ለማየት ለሰባት ቀን የባንክ ወረቀት ስሰበስብ ከርሜያለሁ። ወለንጪቲ መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ደርድሬ ላሳያት እችል ነበር፣ ያውም ሰው የሚኖርበት።

«ዓምዱስ?» አልኳት።

«ዓምድ የአማልክት ነው። ይሄ የሰው ቤት ነው» አለችኝ። ቅር እንዳላት አውቄ እርሳሴን መቅረጽ ጀመርኩ።

አሠራራቸው ያስገርማል። የጥርስ ብሩሽ በሚያህል ብሩሽ አፈር ይጠርጋሉ፤ የተጠረገውን አፈር ደግሞ በወንፊት ይነፋሉ። አንዱ ሠራተኛ የእንስራ ስባሪ ሲያገኝ ሁሉም ሥራውን ትቶ ሊያይ ይሮጣል። ግርማ አምና የእናቴን እንስራ ከጓሮ አንስቶ ለበር መግቢያው ጉድጓድ ሙሌት አድርጎታል። ይህንን ለኤሌኒ አልነገርኳትም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ በኢሞ ደወለች።

«ምንድን ነው የምትቆፍሩት? ወርቅ ነው?»

«ቤት ነው እማዬ። የጭቃ ቤት።»

«የማን?»

«ድሮ የሞቱ ሰዎች።»

«እና ዘመዶቻቸው ፈቀዱ?» አለች። ስለ ቤታችን ላነሳባት ስል፣ «አንቺ ስትመጪ» ብላ ካርዷ እንዳያልቅ ዘጋችው። ኢሞ ካርድ እንደማይቆርጥ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ነሐሴ 4 እና 5

ሁለቱን ቀን ስሥል ዋልኩ። ሙቀቱ መተሃራን ያስንቃል፤ ጥላ የለም። ስታማትያ በሁለተኛው ቀን ባርኔጣ ገዝተው ጉድጓዱ ድረስ አመጡልኝ። ሴቶች ለባሕር ዳር የሚያደርጉት፣ አበባ ያለበት ትልቅ ባርኔጣ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ጭንቅላቴ ተረፈ።

ኤሌኒን የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበር። ወለሉ ባዶ ነው። ጥግ ካለው ስባሪ እንስራ በቀር ማሰሮ የለም፣ ቢላ የለም፣ ጥራጊ እንኳ የለም። «ጠላት መጥቶባቸው ቢሸሹ ኖሮ ዕቃው ወድቆ እናገኘው ነበር። ቢዘረፉም ተበታትኖ ይቀር ነበር። ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። አንዱ ባልደረባዋ የሃይማኖት ሥርዓት ይሆናል ይላል። እነዚህ ሰዎች ያልገባቸውን ነገር ሁሉ የሃይማኖት ሥርዓት ነው ይሉታል።

ነሐሴ 6

የዚህን ቀን ነገር ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ኤሌኒ ከአካባቢው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ነግራን ነበር። እንግዳ ይመጣል ማለት ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩና ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ወለሉ አቧራ ለብሷል፤ ምድጃው ከእነአመዱ አፉን ከፍቷል። ክርስቶስ ሳይወለድ ጀምሮ ያልተጠረገ ምድጃ፣ እንግዳ ፊት! ባልዲ አጠብኩ፣ መጥረጊያ ፈለግኩ፣ ውሃ አርከፈከፍኩ፣ ጠረግኩ። ቁጥር የተለጠፈበትን ስባሪ አልነካሁም፤ ያን ያህልስ ተምሬያለሁ። አመዱ ላይ ቁጥር አልነበረም። አንዲት ቅንጣት ሳላፈስ ሰብስቤ ባልዲው ውስጥ ከተትኩት። ቤቱ ቤት መሰለ።

ኤሌኒ መጣች። ምድጃውን አየች፣ እኔን አየች፣ መጥረጊያውን አየች። ከዚያ አፈር መጫኛው ጋሪ ላይ ተቀመጠች።

«አመዱ የት አለ?»

«ጠረግኩት» አልኩ፣ ምስጋናውን እየጠበቅኩ።

«ለምን?»

«እንግዳ ይመጣል አላልሽም?»

ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሰዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ምን እንዳበሰሉ የሚታወቀው ከዚያ አመድ ነበር፤ የዚያን ቀን በማንኪያ እየለኩ ሊያነሱት ነበር። አዳማ ውስጥ መጥረጊያ አነሳሽ ብሎ የተቆጣኝ ሰው የለም። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ፣ አበባ ባለበት ባርኔጣ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ እንዳትውጠኝ ግን መሬቷም በገመድ ተለክታ ተከልላለች።

ያዳነኝ ባልዲውን ማጠቤ ነው። አመዱ ሳይደባለቅ ሙሉውን ተገኘ። ኤሌኒ ባልዲውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆይታ፣ ልትቆጣኝ ዞር ስትል ዓይኗ ከምድጃው ጎን አረፈ። እዚያ ወለሉ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ለማየት አምና የቆረጧት ትንሽ ቦይ አለች። ያርከፈከፍኩት ውሃ ወርዶባት ደረቁ ላይ የማይታየውን መስመር አውጥቶታል፤ ቀጫጭን ንብብር፣ ጥቁርና ቡናማ፣ እንደ አነባበሮ።

«ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው ብለን ነበር የመዘገብነው» አለች።

«ጎርፍ እንዲህ እኩል አድርጎ አይለቀልቅም» አልኳት። «ይሄ ልቅልቅ ነው። እናቴ በየበዓሉ የምታደርገው። አንዱ ሲሰነጠቅ በላዩ ሌላ።»

«በምን?»

«በእበት።»

ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እንግዶቹ ሲመጡ ወለሉን አሳየቻቸው፤ አንደኛው ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ነካው። እናቴ ይህን ብታይ እጁን እንዲታጠብ ውሃ ታቀርብለት ነበር።

በዚያን ቀን ስለ እናቴ ክፍል ያለኝ ሐሳብ ተገለበጠ። ሰው ባሕር ማዶ የማያውቃትን ሴት ወለል በሽቦ ያጥራል፤ እኛ የእናታችንን በሎደር ልናፈርስ ነው። እንዳይፈርስ እከራከራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ለግርማ ግን አልደወልኩም፤ ፈራሁት።

ነሐሴ 9

አመዱ ሁለት ቀን በውሃና በወንፊት ሲታይ ቆይቶ የተቃጠለ የምስር ፍሬ ተገኘበት። ይህ ዕለት ደግሞ እነሱ ጾም የሚፈቱበት የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ሥራ የለም። ስታማትያ ጠቦት ጠበሱ፤ መንደሩ በሙሉ ሸተተ። እኔ ገና ስድስት ቀን ቀርቶኛል። ይቀየሙኛል ብዬ ስፈራ፣ ከሥጋው ድስት ራቅ አድርገው ሌላ ትንሽ ድስት ከፈቱልኝ። ምስር ነበር። በበዓላቸው ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ ለብቻው ቀቅለውልኛል። ዕንባዬ መጣና በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ኤሌኒም ተጋብዛ ነበርና የባዶውን ቤት ነገር እንደገና አነሳች። እኔም ለቀናት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ተናገርኩ።

«ጠርገው ነው የወጡት። ሴትየዋ ዕቃዋን ጭና፣ ቤቱን ጠርጋ ሄደች። አመዱን የተወችው ትኩስ ስለነበረ ነው። ምስሩን ለስንቅ አብስላ እንደጨረሰች ወጥታለች። ትኩስ አመድ አይጠረግም።»

«ተመልሳ የማትገባበትን ቤት ለምን ትጠርጋለች?» አለች ኤሌኒ።

«ሰው ምን ይላል?»

ኤሌኒ ተረጎመችላቸው። ስታማትያ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት ኤሌኒን አይተው በግሪክኛ አጭር ነገር አሉ። «ምን አሉ?» ስላት፣ «ያው አንቺ ያልሽውን ነው ያሉት፣ ቃል በቃል» አለችኝ፤ ምሁር ከመሆኗ በፊት የእናቷ ልጅ እንደነበረች ያኔ ትዝ ያላት ይመስለኛል።

ነሐሴ 10 እና 11

በሄድኩበት ጠዋት ስታማትያ ክፍሌን ስጠርግ አገኙኝ። መጥረጊያውን ሊቀሙኝ ታገሉ፣ አልሰጥም አልኩ፤ ሁለታችንም እየሳቅን ተውነው። አውቶቡሱ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙና የደረቀ ቅጠላ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። አዲስ አበባ ስደርስ ደግሞ ጉምሩኩ እሱን አሸተተ።

በመንገድ ሙሉ ለእናቴ የማቀርበውን ንግግር ሳዘጋጅ መጣሁ። ከባድ ንግግር ነበር፤ ቅርስ የሚለው ቃል አራት ቦታ ይገባበታል። አዳማ ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። ሻንጣዬን ሳሎኑ ላይ ጥዬ በቀጥታ ወደ ጓሮው ክፍል ሮጥኩ።

«እንዳትረግጪው! አልደረቀም!» ብላ እናቴ ጮኸች።

ወለሉ በሙሉ በአዲስ እበት ተለቅልቋል፤ የእጇ ፈለግ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በቅስት በቅስት ይታያል። አልጋዋና ሳጥኗ ወጥተዋል። ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ትከሻውን ሰበቀ።

«እማዬ፣ ለሚፈርስ ቤት?»

«ለዚያ ነዋ! ግድግዳው ሲነሳ ይሄ ክፍል ለመንገድ አይታይም? የሰፈሩ ሰው ቆሞ ሊያይ አይደለም? ተሰነጣጥቆ ይዩት? ዘነበች ስትተኛ የኖረችው እዚህ ውስጥ ነው ይበሉኝ?»

«እና እስከ ዛሬ እሺ ያላልሽው በዚህ ነው?»

«ታዲያ በምንድን ነው? ክረምት ነው፣ ቶሎ አይደርቅ። እበቱስ? ከተማው ውስጥ ላም የት አለና? ከወለንጪቲ በማዳበሪያ ከረጢት አስጭኜ ነው። አንቺ እስክትመለሺ ይደርሳል ብዬ ነው የቀጠርኩሽ።»

ንግግሬን ጀመርኩ። ቅርስ የሚለው ቃል ሁለተኛው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ማን ሊኖርበት? ጣሪያው ያፈሳል። አንቺ ግሪክ ሄደሽ የሞተ ሰው ቤት ታቅፈሽ ስትውዪ እኔ እዚህ ባልዲ ስደረድር ከረምኩ። እኔ ሴራሚክ ነው የምፈልገው፤ ነጭ፣ ሲጠረግ የሚያበራ።»

አፈርኩ። ያን ሁሉ መንገድ የእናቴን ቤት ከእናቴ ላድን ነበር የመጣሁት። ግርማ ሳቁን ለመደበቅ ሻንጣዬን አንስቶ ገባ።

ነሐሴ 13

ቡሄ ስለሆነ ቤት አይፈርስም አለች እናቴ፤ ሎደሩ በአንድ ቀን ተላለፈ። ወለሉ ደርቋል። ሜትሬን ይዤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ክፍሉን ለካሁት፣ ሣልኩት፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ ጥግ ያለውን ምድጃ፣ የእጇን ቅስቶች ሳይቀር። ግሪክ የሣልኩት ሁሉ ለዚህ መለማመጃ ነበር ብል አላጋነንኩም። እናቴ በሩ ላይ ሙልሙሏን እየቆረሰች ታየኛለች።

«ይሄን ደግሞ ማን ሊያየው ነው?» አለች።

«እኔ።»

«እንግዲያው ምድጃውን አሳምረሽ ሣዪው» አለችኝ።

ነሐሴ 14

ጠዋት ስነሳ ምድጃው ይነድዳል። ለሚያፈርሱት ሠራተኞች ምስር እያበሰለች ነው፤ ሳይበሉ አይጀምሩም ብላ። ድስቱን አወጣች፣ አበላቻቸው፣ ሳህኖቹን ለቃቅማ አጠበች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ውሃ አርከፈከፈች፣ ከዳር ጀምራ ጠረገች። ምድጃው ጋ ስትደርስ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ሞከረችና ተወችው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ዞር ብላ አየችኝና፣ «ጭሱ ነው» ብላ ራሷ አሳበበችልኝ።

መጥረጊያውን ይዛ ወጣች። የሎደሩ ሹፌር ሞተሩን አስነስቶ አጥሩ ጋ ደርሷል። ግድግዳው ፊት ሲደርስ ግን ቆመ። በተከፈተው በር ውሃው ገና ያልደረቀውን ወለል አየና ከመሪው ላይ አንገቱን አውጥቶ፣

«አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ እማማ። ልግባ?» አለ።

«ግባ የኔ ልጅ» አለችው። «ተጠርጓል።»